አቶ አስናቀው በሕዝብ ግንኙነት ጉባኤ

ስብሰባ ባለበት ሁሉ አንድ አስተያየት ሰጪ አለ። መንግሥት ይለወጣል፣ አዳራሽ ቀለም ይቀባል፣ የስብሰባው ርእስ ከበግ በሽታ ወደ ኮምፒዩተር ይዛወራል፤ እሱ ግን ከመካከለኛው ረድፍ፣ ከመተላለፊያው ጫፍ ካለችው ወንበር ንቅንቅ አይልም። የሚነሣው "ጥያቄ ያላችሁ" ሲባል ብቻ ነው። ጥያቄ ግን የለውም።

የእኛ የጎንደር ቁስቋም ሰፈር አስተያየት ሰጪ ክቡር አቶ አስናቀው ናቸው። ጡረታ እስኪወጡ የአንድ መሥሪያ ቤት የዕቃ ግምጃ ቤት ኃላፊ ነበሩ። ሠላሳ ዓመት ከአካፋና ከባልዲ ጋር ብቻቸውን ስለ ዋሉ ይመስለኛል፣ ጡረታ በወጡ ማግስት መናገር ጀመሩ። እስካሁን አልጨረሱም።

"ጥያቄ የለኝም፤ አስተያየት ግን አለኝ። ጊዜ እንዳልሻማ በሦስት ከፍዬ ላቅርበው።"

ይህን ሲሉ የእድራችን አባላት ጋቢያቸውን ያጣፋሉ። አንደኛው ስለ ጉዳዩ ነው። ሁለተኛው ስለ አዳራሹ ነው። ሦስተኛው የሚጀምረው ከደርግ በፊት ነው።

አንድ ጊዜ ውኃ ዘጠኝ ቀን ጠፍቶ ሰፈሩ ተሰበሰበ። እሳቸው መናገር እንደ ጀመሩ ውኃ መጣ ተባለ። ሰው ጀሪካኑን ይዞ ሊወጣ ሲል በሩ ላይ ቆመው ስለ ቧንቧው ታሪክ አስረዱን። ሲጨርሱ ውኃው ሄዷል። ሌላ ጊዜ የእንስሳት ሐኪሞች በበግ በሽታ ላይ ሲመክሩ ተገኝተው ሃያ ደቂቃ ተናገሩ። እቤታቸው ያለው እንስሳ አንዲት ድመት ናት፤ እሷም የጎረቤት ናት። ሰብሳቢው "ጊዜ አልቋል" የሚል ብጣሽ ወረቀት ሲልክላቸው መነጽራቸውን አድርገው ለጉባኤው ድምፃቸውን ከፍ አድርገው አነበቡት። "ጊዜ አልቋል የሚል መልእክት ደርሶኛል፤ ላኪውን አመሰግናለሁ" አሉና ወደ ሁለተኛው ተሻገሩ።

እኔ ሰው የሚበዛበት ቦታ አልወድም። ባለቤቴ ፋሲካ ባለፈው ዓመት ካረፈች ወዲህ ደግሞ ሥራዬ ጎመን መኮትኮት፣ ሽሮ ማንተክተክና ይህችን ይህችን መጻፍ ነው። ወደ ጉባኤ የወሰደኝ የልጄ ጉዳይ ነው።

ሰርካለም የጋዜጠኝነትና የኮሙኒኬሽን የመጨረሻ ዓመት ተማሪ ናት። እናቷ ከሞተች በኋላ ሰው ፊት ቆማ መናገር አልሆንላት አለ። በአንዱ ትምህርት ጥናቷን እንድታቀርብ ተጠርታ ተነሣች፤ ትንሽ ቆመች፤ ተመልሳ ተቀመጠች። ውጤቷ ሳይሞላ ቀረ። መምህሯ ዶክተር ሐዲስ አንድ የመጨረሻ ዕድል ሰጧት። ፒያሳ አጠገብ በሚደረገው የሁለት ቀን የሕዝብ ግንኙነት ጉባኤ መዝጊያ ላይ "ተማሪዎች ከጉባኤው ምን ተማሩ" በሚል ዐሥር ደቂቃ ትናገራለች። ካልተናገረች ዓመቱን ትደግማለች።

"ሌላ ዕድል የለኝም አባዬ" አለችኝ፣ ሽንኩርት እየላጠች።

"ትናገሪያለሽ" አልኋት። እኔም አላመንሁት።

የጥሪ ካርዱን ያመጡልኝ አቶ አስናቀው ናቸው። ሁልጊዜ ሁለት ካርድ አላቸው፤ ከየት እንደሚያመጡት የጠየቀ የለም። "ምነው አዳነ፣ ሰው ከጎመን ጋር ብቻ ይኖራል እንዴ? ተነሥ!" አሉኝ። አንገታቸው ላይ ካቻምና ከተካፈሉት የንብ ማነብ ዐውደ ጥናት የተረፈው ባጅ ተንጠልጥሏል።

በመጀመሪያው ቀን ከአዲስ አበባ የመጡ ባለሙያ ቀስት የበዛበት ሥዕል ግድግዳው ላይ እያሳዩ ብዙ ነገር አስተማሩ። ከሁሉም አንዱ ብቻ ጆሮዬ ውስጥ ቀረ። "ክፉ ዜና ሲኖራችሁ በመጀመሪያው ሰዓት ራሳችሁ ተናገሩ። እናንተ ዝም ያላችሁበትን ሰዓት ሰው በራሱ ፍርሃት ይሞላዋል" አሉ። ተማሪዎቹ ጻፉ። እኔ ጫማዬን አየሁ።

ፋሲካን ለሕክምና አዲስ አበባ ይዣት በሄድሁ ጊዜ ሰርካለም እዚህ ጎንደር ፈተና ላይ ነበረች። በየምሽቱ ትደውላለች። በየምሽቱ "ደህና ናት፣ ተኝታለች" እላታለሁ። ዐሥራ አንድ ምሽት። ደህና አልነበረችም። ከዚያ በኋላም ስለዚያ ነገር እሷም አልጠየቀችኝ፣ እኔም አላነሣሁት።

በሻይ ሰዓት አቶ አስናቀው ተማሪዎቹን ሰብስበው የራሳቸውን ጉባኤ ከፈቱ።

"አንደኛ፣ ከበር ራቁ። በር አጠገብ የተቀመጠ ልቡ ውጭ ነው። ሁለተኛ፣ ማይክ በሁለት እጅ ያዙ፤ ሊቀማችሁ የሚመጣ አይጠፋም።"

"ሦስተኛስ አያ አስናቀው?" አለች የሰርካለም የማደሪያ ጓደኛ ይመኙሽ።

"ሦስተኛ፣ ሳምቡሳው ሳያልቅ ብሉ።"

"አንቱ ግን ሙያዎ ሕዝብ ግንኙነት ነው?"

"ንብ አንቢ ነኝ። ባጄን አታዪም?"

ሁሉም ሳቁ። ሰርካለም ግን ሻይዋን እንደያዘች ቀዘቀዘባት።

በሁለተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ ስሟ ተጠራ። ወጣች። ወረቀቷን ዘረጋች። "እንደምን ዋላችሁ" አለችና ቆመች። አዳራሹ ጠበቀ። ከፊት ያሉት እንግዶች ሰዓታቸውን አዩ። ዶክተር ሐዲስ "አይዞሽ" አሏት፤ አልሰማችም። አንድ እግሯ ወደ ወንበሯ ዞረ። ያኔ ዐይኔን ጨፈንሁ።

"ክቡር መድረክ!"

ድምፁ ያለ ማይክ መጣ። ከመካከለኛው ረድፍ፣ ከመተላለፊያው ጫፍ። አዳራሹ በአንድ ትንፋሽ አቃሰተ።

"አቶ አስናቀው፣ አሁን የአስተያየት ሰዓት አይደለም" አሉ ዶክተር ሐዲስ።

"ዐውቃለሁ፤ ስለዚህ ባጭሩ በሦስት ከፍዬ ላቅርበው። አንደኛ፣ ይህ መስኮት አይዘጋም፤ ትናንት ሁለት ክቡራን እንግዶች አስነጥሰዋል። ሁለተኛ፣ የድምፅ ማጉያው ከመካከል ወደ ኋላ ላለን ሰዎች አይሰማም፤ እኛም ክቡራን ነን። ሦስተኛ…"

ቆሙ። ጣሪያውን አዩ። ባጃቸውን ገልብጠው አዩት።

"ሦስተኛው ጠፋኝ።"

በቁስቋም ታሪክ እንዲህ ያለ ነገር ሆኖ አያውቅም። አንድ ሰው ሳቀ፤ ከዚያ አዳራሹ በሙሉ ሳቀ፤ እሳቸውም ሳቁ። ዐይኔን ስገልጥ ሰርካለም አፏን በወረቀቱ ሸፍና ትስቃለች። ማይኩን በሁለት እጇ ያዘችው።

"አያ አስናቀው፣ ይቀመጡ። ሦስተኛውን እኔ ልናገረው።"

ወረቀቱን አላየችም።

"ክፉ ዜና በመጀመሪያው ሰዓት ይነገር ተብለናል። ከዚህ ጉባኤ የተማርሁት ትልቁ ነገር ይኼ ነው። እኛ ግን ክፉ ዜና የምንደብቀው ለምንወደው ሰው ነው። እናቴ ስትታመም አባቴ ዐሥራ አንድ ቀን 'ደህና ናት' ብሎኛል። ፈተናዬን እንድጨርስ ብሎ ነው፤ ክፋት አልነበረውም። ግን ባውቅ ኖሮ በስልክም ቢሆን ድምጿን እሰማ ነበር። ነገ ሥራ ስንይዝ ለሕዝብ የምንደብቀው ነገር ይኖራል፤ ይደነግጣል ብለን፣ አዝነንለት። ሕዝብም እንደኔ ነው። ይችለዋል። ይነገረው።"

ከዚያ ወዲያ ዐሥሩን ደቂቃ ሞላችው፤ እንዲያውም አለፈችው። ዶክተር ሐዲስ "ጊዜ አልቋል" የሚል ወረቀት መላክ ቀርቶ ብዕራቸውን አውጥተው አንድ ነገር ጻፉ። በኋላ እንደ ነገሩን ውጤቷን ነበር የሞሉት። ጭብጨባው ሲጀመር ወንበሬ መደገፊያ እንዳለው ለመጀመሪያ ጊዜ ዐወቅሁ። ሁለት ቀን ሙሉ ሳልደገፍ ነበር የተቀመጥሁት።

ከአዳራሹ ወጥተን መንገድ ዳር ባጃጅ ስንጠብቅ እጄን ያዘችኝ።

"ተቀየምኸኝ?"

"እኔ ነኝ ይቅርታ የምጠይቅሽ።"

እጄን ሳትለቅ "መርዶውን ማን እንደ ነገረኝ ታውቃለህ?" አለችኝ።

የሰፈር ሽማግሌዎች ጧት በማለዳ ወደ ማደሪያዋ እንደ ሄዱ ዐውቃለሁ። ማን አፍ እንዳወጣ ግን ዓመት ሙሉ አልጠየቅሁም።

"አያ አስናቀው ናቸው። ሌሎቹ መሬት መሬት ያያሉ፤ እሳቸው ስለ ማደሪያው ጣሪያ ጀመሩ። ከዚያ ስለ አልጋው፣ ከዚያ ስለ ጥበቃው ካፖርት። እኔ እኮ ገና ሳያቸው ገብቶኛል። ግን እሳቸው ሲናገሩ እኔ ድንጋይ ላይ ቁጭ አልሁ። ይመኙሽ ሮጣ መጣችና አቀፈችኝ። የእማዬን ስም ሲጠሩ ብቻዬን አልነበርሁም።"

እኔም የደበቅሁትን ክፉ ዜና ነገርኋት።

"የደም ግፊት መድኃኒት ከጀመርሁ አራት ወር ሆነኝ። ሐኪሙ አያሰጋም ብሎኛል። ጨው ግን ከልክሎኛል።"

አፍጥጣ አየችኝ። "ሽሮው ለዚያ ነው እንዴ እንዲያ የሆነው? እኔ እኮ እጅህ ከፍቶ ነው ብዬ ዝም ብዬ ስበላ!" በቦርሳዋ ትከሻዬን መታችኝ። እያለቀሰች ነበር፤ እየሳቀችም።

ይኼኔ አቶ አስናቀው ከአዳራሹ ወጡ። ለተናጋሪዎች ከተሰጡት የወለቃ መንደር የሸክላ አንበሶች አንዱን ታቅፈዋል። "እኔስ አልተናገርሁም?" አሉ፣ ሳንጠይቃቸው። ባጃጅ መጣ። ለሦስት ሲሆኑ መካከለኛው ቦታ የሚሰጠው ለታናሽ ነው፤ ያን ቀን ግን ከሁለታችን መካከል ያስገባነው እሳቸውን ነው። ገና ተጠጋግተን ሳንቀመጥ ስለ ወንበሩ ስፖንጅ ለሾፌሩ ማስረዳት ጀመሩ። ሾፌሩ ቶሎ ሊገላገለን ነዳጅ ሲሰጥ ትከሻውን ነካ አደረግሁት።

"ቀስ በል ወንድሜ" አልሁት። "የሚያስቸኩል ነገር የለንም።"