ማዘር የሞተች ዕለት

እኔ የምለው፣ ኮምፒውተራችሁ «ላዘምንህ ወይ?» ብሎ ሲጠይቃችሁ ምን ትሉታላችሁ? እኔ «በኋላ» ነው የምለው። አሥር ዓመት ሙሉ «በኋላ» ስለው ኖሬያለሁ። የሚሠራን ዕቃ መነካካት ሳይቸግር ጤፍ ብድር ነው ብዬ የማምን ሰው ነኝ። ደግሞስ ማዘመን ማንን ጠቀመ? የሰፈራችንን መንገድ እናዘምናለን ብለው ቆፍረውት የሄዱ ሰዎች ነበሩ፤ ዛሬም በጣውላ ነው የምንሻገረው።

ኮልፌ ውስጥ፣ ከምኖርበት ግቢ በር ላይ፣ ፎቶና ቪዲዮ ቤት አለኝ። ሰርግ እቀርጻለሁ፣ ልደት እቀርጻለሁ፣ የተማሪ ምርቃት እቀርጻለሁ። ስቀርጽ ፈጣን ነኝ፤ ይህን ጠላቴም አይክደኝም። ሳስረክብ ግን... እሱን ለጊዜው እንተወው።

የቀረጽኩትን ሁሉ የማስቀምጠው አንድ ትልቅ ኮምፒውተር ውስጥ ነው። ውስጡ አራት ዲስኮች አሉ፤ በሬድ ተሳስረዋል። ሬድ ምንድን ነው አትሉም? አትፍሩ፣ ሬድ ማለት የዲስኮች እድር ነው። አራቱም አባል ናቸው። አንዱ ድንገት ቢሞት ሦስቱ የሱን ድርሻ ከየራሳቸው አዋጥተው ያቆሙታል፤ አንዲት ፎቶ አትጠፋም። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ይሉ የለ? እሱ ነው። ታዲያ እድር ያለ ዳኛ አይቆምም። የዲስኮቹ ዳኛ ማዘርቦርዷ ናት፤ ሁሉም የሚሰካባት ሰፊዋ ሰሌዳ። ማን አባል እንደሆነ፣ ማን ከማን ቀጥሎ እንደሚቆም የምታውቀው እሷ ናት።

አንድ ዓርብ መብራት ሄደ፣ መጣ፣ ሄደ፣ መጣ። በአራተኛው ሲመጣ ኮምፒውተሩ ጭስ ጭስ ሸተተና ዝም አለ። እኔም አብሬው ዝም አልኩ። ለምን መሰላችሁ? ውስጡ የጋሽ ሳቢር ልጅ ሰርግ አለ።

ጋሽ ሳቢር ጨርቅ ነጋዴ ናቸው፤ የሰፈራችንም እድር ዳኛ። ሰርጉ ካለፈ ሰባት ወር ሆኖታል። በሰርጉ ላይ እናታቸው እማማ ዘህራ የልጅ ልጃቸውን መርቀዋል። እማማ ዘህራ ካሜራ ባዩ ቁጥር ሻሻቸውን ወደ ፊታቸው የሚስቡ ሴት ነበሩ፤ ዕድሜ ልካቸውን ለመቀረጽ የፈቀዱት ያን ቀን ብቻ ነው። በአራተኛው ወር አረፉ። ፎቶ የላቸውም፣ የተቀዳ ድምፅ የላቸውም። ያለው እኔ ጋ ያለው ነው። ጋሽ ሳቢር በየሳምንቱ በሬ ላይ ይቆሙና «ደምሴ፣ የእናቴስ ነገር?» ይሉኛል። «ቀለም ብቻ ነው የቀረው ጋሼ» እላቸዋለሁ። ምን ቀለም? ገና አልከፈትኩትም! የካሜራውን ካርድ ደግሞ አጥፍቼ ሌላ ሰርግ ቀርጬበታለሁ።

ቅዳሜ ጠዋት ሰሚራን ጠራኋት። ሰሚራ ጦር ኃይሎች ሰፈር ኮምፒውተር የምትጠግን፣ ምላሷ ከመፍቻዋ የማይተናነስ ባለሙያ ናት። የሱቁን ቁልፍ ሰጠኋትና እኔ አስኮ እናቴ ጋ ሄድኩ። ኮምፒውተሬ ሆዱ ተከፍቶ ሲታይ አልወድም።

ስመለስ ታክሲ ውስጥ ጎረቤቴ እትዬ አስካለ ከኋላዬ ተቀምጠዋል። ከየት እንደምመጣ ጠየቁኝ። «ማዘርን ጠይቄ» አልኳቸው። እንዴት ናቸው ሲሉኝ፣ ወገቧን ትንሽ እንደሚያማት ነገርኳቸው። ወዲያው ስልኬ ጮኸ። ስልኬ ደግሞ ጆሮ ላይ ሲለጥፉት አይሰማም፤ በላውድስፒከር ነው የማወራው።

«ጋሽ ደምሴ፣ ማዘር ሞታለች» አለች ሰሚራ።

«ምን? እርግጠኛ ነሽ?»

«ጀርባዋ ሁለት ቦታ ተቃጥሏል። ብሞክር ብሞክር አልነሳ አለች።»

«ልጆቹስ?»

«አራቱም ደህና ናቸው።»

«ተመስገን! እነሱ ከተረፉ ምን ቸገረኝ? በይ ሌላ ማዘር ፈልጊልኝ።»

«አዲስ አታገኝም። ጦር ኃይሎች አንድ ሰው ጋ ያገለገለች አለች።»

«ብታገለግልስ! ብቻ ዕድሜዋ ከሟቿ ጋር የሚቀራረብ ይሁን።»

ዞር ስል እትዬ አስካለ አፋቸውን በነጠላቸው ይዘዋል። ኮልፌ ፌርማታው ላይ እያለቀሱ ወረዱ። እኔም «ምስኪን፣ ምን ገጥሟቸው ይሆን?» አልኩና ወደ ጦር ኃይሎች ቀጠልኩ። ከአነጋገር ይፈረዳል፣ ከአያያዝ ይቀደዳል ያሉት አያቶቻችን ላውድስፒከር ሳያዩ ነው።

ያገለገለችውን ማዘር በካርቶን ይዤ ከሁለት ሰዓት በኋላ ስመለስ፣ በሬ ላይ ድንኳን ተተክሏል።

አሁን እናንተ ለቅሶ ቤት ገብታችሁ «ማን ነው የሞተው?» ትላላችሁ? አትሉም። ነውር ነው። መጀመሪያ ትቀመጣላችሁ፣ ፊታችሁን ታጠቁራላችሁ፣ ሟቹን ቀስ ብላችሁ ከሰው ወሬ ውስጥ ታወጡታላችሁ። እኔም ከግቢያችን ተከራዮች የአንዱ ዘመድ ይሆናል ብዬ ገባሁና ካርቶኔን ጭኔ ላይ አድርጌ ተቀመጥኩ። ሰው ሁሉ ወደኔ መጣ። «እግዜር ያጥናህ» ሲሉኝ «ሁላችንንም» እላለሁ። አንዱ «እናት ምትክ የላትም» ቢለኝ «እውነት ነው» አልኩት። እትዬ አስካለ ለጎናቸው ሴት «ምትኳን በስልክ ሲፈልግ በጆሮዬ ሰምቼዋለሁ» ሲሉ ሰማሁና የማን ጉድ ነው ብዬ ጆሮዬን አቆምኩ።

ሩብ ሰዓት ሙሉ በእናቴ ለቅሶ ላይ ተቀምጬ ቆሎ ቆረጠምኩ። እንዲያውም አለቀስኩ። ጋሽ ሳቢር መጥተው አቀፉኝና «የእናትን ነገር እኔ አውቀዋለሁ ልጄ» ሲሉኝ፣ ያ የጠፋው ምርቃት ትዝ አለኝ። በእውነት አፈርኩ። ካንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም፤ ትከሻቸውን አራስኩት።

ይሄኔ ታክሲ ቆመ። እናቴ ወረደች።

ለካ ድንኳኑን ከመንገድ ያየ አንድ ደግ ሰው አስኮ ድረስ ደውሎ «ልጅሽ በር ላይ ድንኳን ተተክሏል» ብሏታል። ማን እንደሞተ እሱም ሳያውቅ ስልኩ ተቋርጧል። «ደምሴ ልጄን!» እያለች ደረቷን እየደቃች ገባች። ሟቿ በእግሯ ስትመጣ ያየው ሰው ግማሹ ብድግ አለ፣ ግማሹ አማተበ። ጋሽ ሳቢር «ላ ኢላሀ ኢለላህ!» አሉ። እትዬ አስካለ ከነወንበራቸው ወደቁ። እናቴ እኔን በሕይወት ስታገኘኝ መጀመሪያ ሳመችኝ፣ ቀጥላ በጥፊ አጮለችኝ። ከዚያ «ታዲያ ማነው የሞተው?» አለች። ድንኳኑ ውስጥ ይህን ለመጠየቅ የደፈረች የመጀመሪያዋ ሰው እሷ ናት።

ሰሚራ መፍቻዋን እንደያዘች ከሱቁ ብቅ አለች። «ማዘር ናታ!» አለች። «ማዘርቦርድ!»

ማስረዳቱን ለሷ ተውኩላት። ጋሽ ሳቢር ሁሉንም ሰምተው ሲጨርሱ ፊታቸው ቀላ። ለኮምፒውተር ድንኳን ያስተከለ ሰው በእድሩ ታሪክ እንዳልታየ ነገሩኝ። ለመሆኑ ምን ቢኖርበት ነው አሉ። እኔ ጣራ ጣራ አየሁ። ምንም የማታውቀው ሰሚራ ግን ኮምፒውተሩ ላይ የለጠፍኩትን ወረቀት አነበበችላቸው፦ «የጋሽ ሳቢር ሰርግ፣ ያልተነካ።»

ጋሽ ሳቢር ተቀመጡ። አልተቆጡም፤ ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር። «እናቴ እዚያ ውስጥ ናት?» አሉ።

«አዎ ጋሼ።»

ወደ ሰሚራ ዞሩ። «ታወጫታለሽ?»

«እሞክራለሁ አባባ» አለች።

ያገለገለችውን ማዘር ገጠመች። ኮምፒውተሩ ተነሳ! ልንጨፍር ስንል አራቱን ዲስኮች ለየብቻ ደረደራቸው። ሬድ የለ፣ እድር የለ፤ አራት የማይተዋወቁ መንገደኞች። የእንጀራ እናት ናትና ልጆቹን አላወቀቻቸውም። ይባስ ብላ «ሁሉንም አጥፍቼ እንደ አዲስ ልጀምር?» ብላ ጠየቀች። ሰሚራ እጄን ባትመታኝ ኖሮ ጣቴ «እሺ» ላይ ደርሶ ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። ማዘርቦርድ ሆዷ ውስጥ የተጻፈ ትንሽ ፕሮግራም አላት፤ ፈርምዌር ይሉታል። ከፈርምዌሩ ውስጥ ደግሞ ሬድን የሚያውቅ ክፍል አለ፤ ሞጁል ይባላል። የሟቿ ሞጁል ከፋብሪካ ሲመጣ አዲስ ነበር፤ የዚህችኛዋ አሮጌ ነው። በአዲስ ደንብ የተቋቋመን እድር በአሮጌ መዝገብ ብትፈልገው ከየት ይምጣ? ሰሚራ «ፈርምዌሩን እናዘምነው» አለች። «በኋላ» ልል አፌን ከፍቼ ነበር፤ ጋሽ ሳቢርን አየሁና ዘጋሁት።

«ግን» አለች፣ «እያዘመንን መብራት ከሄደ ይህችኛዋም ትሞታለች። ሦስተኛ አላገኝም።»

ሁላችንም ቀና ብለን አምፖሉን አየን። አምፖሉም እንደታየ ገብቶት ነው መሰለኝ ብልጭ ድርግም አለ።

«የእድሩን ጀነሬተር አምጡ!» አሉ ጋሽ ሳቢር።

የእድሩ ጸሐፊ ደንብ አክባሪ ሰው ነው። ጉሮሮውን ጠራርጎ፣ ጀነሬተር የሚወጣው ሰው ሲሞት ብቻ መሆኑን አስታወሳቸው።

«እናቴ ሞታለች» አሉ ጋሽ ሳቢር።

ጸሐፊው ራሱ ሄዶ እየገፋ አመጣው።

ጀነሬተሩ ተነሳ። ሰሚራ የሰሌዳዋን የሞዴል ቁጥር በጣቷ እየነካች ሦስት ጊዜ አመሳከረች፤ የሌላ ሰሌዳ ፈርምዌር ከተጫነባት ያው ሞት ነው። መመሪያውንም እስከ መጨረሻው አነበበች። ከመጠምጠም መማር ይቅደም፤ እኔ ብሆን እስካሁን ጠምጥሜ ነበር። ከዚያ አዲሱን ፈርምዌር የያዘውን ፍላሽ ሰካችና ቁልፉን ተጫነች። አሥር በመቶ። ሃያ። ለቀስተኛው በሙሉ ሱቄ ውስጥና በሩ ላይ ታጭቆ ቁጥር ይቆጥራል። ስልሳ ሁለት ላይ የጎረቤት ሬዲዮ ቀጥ አለ። ማዶ ያለው የሥጋ ቤቱ መብራት ድርግም አለ። የሰፈሩ መብራት ሄደ!

ጀነሬተሩ ግን ድድድድ ማለቱን ቀጠለ። የተባረከ ጀነሬተር! እናቴ ስለት ተሳለች፤ እትዬ አስካለ የጥፋታቸውን ማካካሻ ሁለት ተሳሉ። ሰባ። ሰማንያ አምስት። መቶ።

ኮምፒውተሩ ጠፍቶ ተነሳ። አራቱም ዲስኮች በአንድ ስም ሥር ተሰልፈው ወጡ፤ አባል፣ አባል፣ አባል፣ አባል። ሬዱ ሙሉ ነው! እልልታው ቀለጠ። ለቅሶ ድንኳን ውስጥ እልልታ ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? አላፊ አግዳሚው ቆሞ ይሄ ሟች ምን ዓይነት ክፉ ሰው ቢሆን ነው ብሎ ተደመመ።

አንድ ነገር ቀረ። «ድራይቨር የለውም» አለች ሰሚራ። ከበሩ አንድ ጎረቤቴ «መንጃ ፈቃድ አለኝ፣ ወዴት ነው?» ብሎ ሰው እየገፋ ገባ። ድራይቨር ማለት ሬዱን ከዊንዶውሱ ጋር የሚያግባባ ፕሮግራም እንደሆነ አስረድተን መለስነው። ከአዲሱ ፈርምዌር ጋር የሚሄደውን ድራይቨር ጫነች። ማህደሮቹ አንድ በአንድ ተከፈቱ። በዕድሜዬ ምንም አዘምኜ የማላውቅ ሰው በአንድ ከሰዓት ሁለት ነገር አዘመንኩ! እርግጥ ነው ያዘመነችው ሰሚራ ናት። ኬብሉን የያዝኩት ግን እኔ ነኝ።

ትልቁን ቴሌቪዥን ድንኳኑ ውስጥ አቆምነው። እማማ ዘህራ ብቅ አሉ። ሻሻቸውን ወደ ኋላ ገፋ አድርገው፣ የሙሽሪትን ግንባር በመዳፋቸው ይዘው። «አላህ ትዳራችሁን ያሳምረው። ወልዳችሁ ሳሙ። ክፉ አይንካችሁ» አሉ። ቪዲዮው ውስጥ ያለው ሰው «አሚን» አለ፤ ድንኳኑ ውስጥ ያለውም «አሚን» አለ። ጋሽ ሳቢር እየሳቁ አለቀሱ። ደስ አለኝ፤ እንዴት ደስ እንዳለኝ ልነግራችሁ አልችልም። ደረቴን ነፋ አድርጌ ከቴሌቪዥኑ ጎን ቆምኩ፤ ሰው እንዲያየኝ።

እማማ ዘህራ ግን አልጨረሱም። ቀስ ብለው ወደ ካሜራው ዞሩ።

«አንተ ካሜራ የያዝከው» አሉ። «ሰርግ ቀርጸህ ቪዲዮውን ስታስረክብ የሙሽሮቹ ልጅ ቆሞ ይሄዳል አሉ። እኔ አሮጊት ነኝ፣ ያን ያህል ቀን የለኝም። አላህ እጅህን ያፍጥነው፤ ሳልሞት አሳየኝ።»

ከካሜራው ጀርባ አንድ ድምፅ ከሁሉም በልጦ ተሰማ። የኔ ነው። «አሚን እማማ! በሳምንቱ!»

ሰው ሁሉ ወደኔ ዞረ። እኔ የምገባበት ቀዳዳ ፈለግሁ፤ ድንኳን ደግሞ መደበቂያ የለውም።

ጋሽ ሳቢር እንባቸውን በእጃቸው ጀርባ ጠረጉ። ከዚያ «ድገመው» አሉ።

ቪዲዮውን መለስኩና ደገምኩት።

«ድገመው።»

ሰባት ጊዜ አስደገሙኝ። ሰባት ጊዜ በሰው ፊት «በሳምንቱ!» አልኩ። ቪዲዮው ታዲያ ከሬዱ እንደ ውሃ ይፈሳል፤ አንዴ እንኳ አልተደናቀፈም። ያን ጊዜ ትንሽ ቢደናቀፍልኝ ምን ነበረበት?