ጾመኛዋ ሐረግ

የሚወዱትን ነገር በውሃ የሚገድሉ ሰዎች ገጥመዋችሁ ያውቃሉ? የመካነ ሰላሟ ጎረቤቴ እትዬ ስንዱ ከእነዚህ አንዷ ነበሩ። ከድርቁ ወዲህ የተጠማ ነገር ማየት አይሆንላቸውም፤ ማን ይፈርድባቸዋል? ወንድማቸው ከደሴ ቅጠሏ ሐምራዊና ብርማ የሆነች ሐረግ ሲያመጣላቸው፣ በእርዳታ ዘይት ቆርቆሮ ተክለው መስኮት ላይ ሰቀሏት። ጠዋት ውሃ፣ ቀትር ውሃ፣ ማታ ውሃ! ሥሯ ይበሰብስ፣ ቅጠሏ ይረግፍ ጀመር።

«አባ፣ ልትሞትብኝ ነው፤ ጠበል ላጠጣት?» አሉ ለነፍስ አባታቸው።

«አብሽሪ። ጠበልም ያው ውሃ ነው፤ ይልቅ አጹሚያት» ብለው ሳቁ አባ።

እትዬ ስንዱ ግን ቀልድ አያውቁም። ጊዜው ሁዳዴ ነበርና ከሰኞ እስከ ዓርብ ጠብታ ከለከሏት፤ ቅዳሜና እሁድ ብቻ አጠጧት። ፋሲካ ሳይደርስ ሐረጊቱ አገግማ ወለሉን ልትነካ ደረሰች። ተመስገን!

በየስብሰባው «ጾም ኋላቀርነት ነው» የሚለን የቀበሌው ሊቀመንበር ያን ሰሞን መጥቶ አያት።

«እማማ፣ አፈሩ ደርቋል እኮ!»

«ጾመኛ ናት፣ ጓድ።»

«ቅጠል ደግሞ ይጾማል እንዴ?»

«ሰው ጾሙን ሲተወው ምን ታድርግ?»

ከት ብሎ ሳቀና ለቢሮው ቁራጭ ለመናቸው። እትዬ ስንዱ በውሃ እንዳይገድላት ፈሩ።

«ውሃ ቅዳሜና እሁድ ብቻ ነው፤ እንዳታስፈስክብኝ!» ብለው ቆርጠው ሰጡት።

ክረምት ሲገባ የጉዞ ፈቃድ ላወጣ ቢሮው ሄድኩ። ቁራጯ አዲስ ቅጠል አውጥታ ተንጠልጥላለች። ጸሐፊዋ ልታጠጣት ጣሳ ስታነሳ ሊቀመንበሩ ከወንበሩ ብድግ አለ።

«ተይ እንጂ! ዛሬ ዓርብ አይደለም እንዴ?»