አርባ አምስት ቁጥር ጫማና አሥራ አራት ፔዳል

በዓለም ላይ ያለ የሮክ ጊታሪስት ሁሉ፣ አንድም ሳይቀር፣ ጊታር በእጅ የሚመታ መሣሪያ መሆኑን የረሳ ሰው ነው። እጁ ገመዱ ላይ ይሁን እንጂ ልቡ ያለው ወለሉ ላይ ነው። እዚያ ጫማው ሥር ትንንሽ መብራት ያላቸው የብረት ሣጥኖች ተደርድረዋል፤ ፔዳል ይባላሉ። አንዱን ሲረግጠው የጊታሩ ድምፅ ይሻክራል። ሌላውን ሲረግጠው ገደል ውስጥ እንደተጣራ ሰው ድምፅ ይደጋገማል። ሦስተኛውን ሲረግጠው ምን እንደሚሆን ራሱም አያውቅም፤ የሚረግጠው ለማወቅ ነው። እናንተም አንዱን ሳታዩት አልቀራችሁም። ዘፈኑ ሊጀመር ሲል፣ ሰው ሁሉ ጸጥ ብሎ ሲጠብቅ፣ ተንበርክኮ ሽቦ የሚነካካው ሰውዬ እሱ ነው።

የእኔው የታላቅ እህቴ ባል ነው። በሥራ ቀን መሬት ቀያሽ ነው፤ ባለ ሦስት እግር መሣሪያውን አቁሞ በአንድ ዓይኑ እያጮለቀ የሰው ድንበር በሴንቲ ሜትር ይለያል። ቅዳሜ ጊታሩን ሲያነግት ግን ያ ጥንቃቄ ቢሮ ይቀራል። ጫማው አርባ አምስት ቁጥር ስለሆነ ባንዳችን ውስጥ “ክቡር ባለ አርባ አምስት” ብለን ሰይመነዋል። እኔ ማቀዝቀዣ ጠጋኝ ስሆን በባንዱ ደግሞ የድምፅ ባለሙያ ነኝ። ይኸውም አዳራሹ መጨረሻ የሁሉም ድምፅ በሚመጣጠንበት ሰሌዳ፣ በሚክሰር ፊት ተቀምጦ፣ ነገሩ ሲያምር ማንም የማያስታውሰው፣ ሲበላሽ ግን ሁሉም ዞሮ የሚያፈጥበት ሰው ማለት ነው።

የክቡርነታቸው ፔዳሎች አሥራ አራት ናቸው። የተገጠሙት በእህቴ ቁም ሣጥን በር ላይ ነው። በሩን ሲነቅለው “ለአንድ ቀን ነው” ብሏት ነበር፤ ይኸው ስድስት ዓመት ሆነው፣ እሷም ልብሷን በመጋረጃ ሸፍና ትኖራለች። ስለ ፔዳሎቹ ከጠየቃችሁት አበቃላችሁ፤ ምሳችሁ ቀዝቅዞ ይጠብቃችኋል። ባትጠይቁትም አታመልጡም። ጣቱን ወደ ጫማው ቀስሮ “ድምፁ ያለው እዚህ ነው” ይላል። የእሱ ጊታር የት እንዳለ መጠየቅ ነውር ይመስል ማንም ጠይቆት አያውቅም።

ችግሩ ምን መሰላችሁ፤ ፔዳል የሠራው ሰው አርባ አምስት ቁጥር እግር አይቶ አያውቅም። ክቡርነታቸው አንዱን ሊረግጡ ሲያስቡ ጎረቤቱም አብሮ ይረገጣል። ዘፋኛችን፣ በሥራዋ ነርስ ናት፣ ልጅ የምታስተኛ በሚመስል ድምፅ ለስለስ ያለ ዘፈን ስትጀምር፣ ከኋላዋ የድንጋይ ወፍጮ ይነሳል። “አንድ ሰከንድ ብቻ!” ይላል እሱ። ይረግጣል። ወፍጮው ይቆምና ጊታሩ እንደ ሕፃን “ዋ፣ ዋ” እያለ ማልቀስ ይጀምራል። “አንድ ሰከንድ!” እኛ ስንጠብቅ፣ ነርሷ ፈገግታዋን ጥርሷ ላይ እንዳደረቀች ትቆማለች።

ከሁሉም የማልረሳው ግን የመምህራን ማሠልጠኛው አዳራሽ ላይ የሆነው ነው። ከፔዳሎቹ አንዱ ጊታር ለመቃኘት የሚያገለግል ነው፤ ሲረገጥ ድምፁ ወደ ውጭ እንዳይወጣ ጸጥ ያደርገዋል። ክቡርነታቸው ለሶሎው፣ ጊታር ብቻውን ለሚገንንበት ቦታ፣ ወደፊት መጡና አንዱን ፔዳል በኃይል ረገጡ። የረገጡት እሱኑ መቃኛውን ነው። ከዚያ ዓይናቸውን ጨፈኑ። በሕይወቴ እንደዚያ ዓይነት ስሜት አይቼ አላውቅም፤ ላባቸው በአገጫቸው ይንጠባጠባል፣ ጉልበታቸው ይታጠፋል፣ አንገታቸው ወደ ጣሪያ ይቃናል። ድምፅ ግን የለም። ቤዝና ከበሮ ብቻ ዱም፣ ዱም ይላሉ። ሁለት ደቂቃ ሙሉ! ሲጨርሱ ከፊት የተቀመጡ አንዲት እናት አንጀታቸው ተላውሶ አጨበጨቡላቸው። እሱም ዓይኑን ገልጦ እጅ ነሣ። ከመድረክ ሲወርድ ግን ቀጥ ብሎ ወደ እኔ መጣ።

“ምን አድርገህ ነው?” አለኝ።

“እኔ? ምንም አልነካሁም!”

“እሱማ እኮ ነው! ዝም ብለህ ነው የምታየኝ?”

በማግስቱ ነርሷ ሰበሰበችን። ስብሰባው የተካሄደው በእህቴ ሳሎን ነው። “ስሙ” አለች፣ ቦርሳዋን እንኳ ሳታስቀምጥ። “የሬዲዮ ጣቢያው የሙዚቃ ክፍል ኃላፊ በሚቀጥለው ቅዳሜ ከሰዓት ማዘጋጃ ቤቱ አዳራሽ መጥቶ ይሰማናል። ከወደደን በቀጥታ ሥርጭት እንጫወታለን። ስምንት ዓመት የጠበቅነው ነገር ነው። ስለዚህ ወይ የሱ እግር ከዚያ በር ላይ ይነሣል፣ ወይ እኔ እነሣለሁ።”

“ታዲያ ማን ይርገጠው?” አለ ክቡር ባለ አርባ አምስት፣ ድምፁ ቀጥኖ።

እዚህ ላይ ስለ ራሴ እውነቱን ልናገር። ይህንን ጥያቄ ስምንት ዓመት ሙሉ ስጠብቀው ኖሬያለሁ። ማቀዝቀዣ ስፈታ፣ ቱቦ ስበይድ፣ በልቤ ስለማመደው የኖርኩት ንግግር ነበረኝ። ጉሮሮዬን ጠረግሁና ተነሥቼ ቆምኩ። መቀመጥ ይቻል ነበር። “ድምፅ” አልኩ፣ “ድምፅ የሚመዘነው በሚሰማበት ቦታ ነው። የሚጫወት ሰው ራሱን አይሰማም። ስለዚህ የፔዳል ሥልጣን ከውጭ ሆኖ ለሚያዳምጥ፣ ለሰከነ፣ ጆሮው ላልተበላሸ ሰው ይገባል።” ይህን ስል ዓይኔን ወደ ጣሪያው ላክሁት፤ ያ ሰው ማን እንደሆነ የማላውቅ እንድመስል።

“በቃ አንተ ያዘው” አለች ነርሷ።

እህቴ ከጓዳ ሆና ሳቋን ስታፍን ሰማኋት።

ርክክቡን ብታዩት ሆድ ያባባል። ረጅም ገመድ ገዛን፤ ጊታሩ መድረኩ ላይ፣ በሩና ፔዳሎቹ ከመድረኩ መጋረጃ ጀርባ፣ እኔ ጠረጴዛ ላይ ሆኑ። ሚክሰሩንም እዚያው አጠገቤ አመጣሁት፤ “ከውጭ የሚያዳምጠው” ሰው በአንድ ጊዜ ወደ ውስጥ ገባ ማለት ነው፤ ይህን ግን ያኔ ማንም አላነሣብኝም፣ እኔም አላስታወስኩም። እሱ ግን ልጁን የመጀመሪያ ቀን ትምህርት ቤት እንደሚያደርስ አባት አጠገቤ ቆሞ “ይሄኛውን በቀስታ… ይሄኛው ሲሞቀው ያጉረመርማል፣ አትደንግጥ…” እያለ አንድ በአንድ ነገረኝ። እኔም “እሺ፣ እሺ” እያልኩ አልሰማሁትም። እኔ ደብተር ነበረኝ። የእያንዳንዱን ዘፈን ደቂቃና ሰከንድ፣ የቱ ፔዳል የት እንደሚነካ፣ በሦስት ቀለም ጽፌአለሁ።

ቅዳሜ የመጀመሪያው ዘፈን እንደ ሰዓት ሄደ። በትክክለኛው ሰከንድ ተጫንኩ፣ በትክክለኛው ሰከንድ አነሣሁ። ደረቴ ተነፋ። ይህን ሁሉ ዓመት ሲያስቸግረን የኖረው ነገር ይሄ ነው እንዴ፣ አልኩ። በዚያች ቅጽበት ራሴን ከዓለም ታላላቅ ሙዚቀኞች ጋር ነበር የማሰልፈው፤ ያውም ወደ ፊቱ ረድፍ ጠጋ አድርጌ።

ሁለተኛው ዘፈን ላይ ሶሎው ደረሰ። ደብተሬ አርባ ሰከንድ ይላል። እሱ ግን አርባው ሰከንድ ሲሞላ ገና መሞቁ ነበር። ሰዉ ከወንበሩ ወደፊት እየተሳበ ነው፣ ከበሮ መቺው ይስቃል፣ ነርሷ ሳይቀር ጭንቅላቷን ትነቀንቃለች። እኔ ደብተሬን አየሁ። አርባ። ተጫንኩ፤ ሻካራው ድምፅ ጠፋ። ያ የሚያገሳ ጊታር በአንድ ጊዜ ትንኝ ሆነ።

ወደ እኔ ዞረ። ቢቆጣ በተሻለኝ። ሊቀመጥ ሲል ወንበር የሳቡበት ሰው ይመስል ነበር። እኔ ክው አልኩ። ለማስተካከል ያገኘሁትን ሁሉ ተጫንኩ፤ ወፍጮውም፣ ገደሉም፣ ሕፃኑም አንድ ላይ መጡ። አዳራሹ ውስጥ ጆሮውን ያልያዘ አልነበረም። የሬዲዮው ሰውዬ ብዕሩን ክዳኑ ውስጥ ሲከት አየሁት።

ሁሉንም አጠፋሁ። ደብተሩም ወድቆ ጠረጴዛው ሥር ገባ። ላነሣው ጎንበስ ስል ነው በመጋረጃው ሥር ያቺን ጫማ ያየኋት። ቀኝ እግሩ ባዶውን ወለል ይረግጣል። ፔዳል የለም፣ ምንም የለም፤ እሱ ግን ልክ እዚያ እንዳለ ሁሉ ይረግጣል። መርገጡን ራሱም የሚያውቅ አይመስለኝም። ሲረግጥ ወዲያው ጣቶቹ ይበረታሉ፤ ሲያነሣ ይለሰልሳሉ። ስምንት ዓመት ከኋላ አዳራሹ ጫፍ ሆኜ ያላየሁትን ነገር ተንበርክኬ አየሁት። ያ ሰውዬ የሚረግጠው ቦታ ይሳሳት እንጂ የሚረግጥበት ሰዓት ተሳስቶ አያውቅም።

ደብተሩን እዚያው ተውኩት። ጫማዋን ብቻ እያየሁ፣ ስትወርድ ተጫንኩ፣ ስትነሣ አነሣሁ። ከፊት የረገጠ እንደሆነ ሻካራውን፣ ከጎን ከሆነ ገደሉን። ሦስተኛው ዘፈን ተጀመረ፤ አራተኛው። በአራተኛው መሐል ዓይኑን ጨፈነ። እኔም በልቤ “ጎሽ፣ ጨፍን” አልኩት። የሬዲዮው ሰውዬ ብዕሩን መልሶ ሲያወጣ አላየሁትም፤ ነርሷ ናት በኋላ የነገረችን።

በሳምንቱ እሁድ ጠዋት ለቀጥታ ሥርጭቱ የሬዲዮ ጣቢያው ስቱዲዮ ገባን። ክፍሏ የመኪና ጋራዥ ታህላለች ብንል ለእሷ ማድላት ነው። መጋረጃ የለ፣ ጠረጴዛ የለ። የስቱዲዮው ሰውዬ ዙሪያውን አየና “ይሄ በር የግድ መግባት አለበት?” ሲል፣ አምስታችንም በአንድ አፍ “አዎ!” አልነው። ያለው ቦታ አንድ ነው፤ ጊታሪስቱ እግር ሥር። ስለዚህ እኔ፣ የሁለት ልጆች አባት፣ የራሱ ወርክሾፕ ያለው ሰው፣ ወለሉ ላይ ተቀምጬ ፔዳሎቹን በእጄ ልነካ ሆነ።

“እግርህን ከተቀመጥክበት ወንበር ሥር አድርገህ ያዘው” አልኩት።

“አትስጋ፣ ወንድሜ። እንደ ታሰረ ቁጠረው።”

ቀዩ መብራት በራ። ዘፈኑ ተጀመረ። እግሩ ከወንበሩ ሥር ናት። ሶሎው ደረሰ፤ እግሩ አሁንም እዚያው ናት። እኔም ጫማዋ ስትንቀሳቀስ ለመከተል ዓይኔን እንደ ተከልኩ ሻካራው ፔዳል ላይ እጄን አኖርኩ። ከዚያ ነርሷ በልምምድ ወጥታበት የማታውቀው ከፍታ ላይ ወጣች፣ ጊታሩ ተከተላት፣ ያቺ የታሰረች እግር ደግሞ ተፈታች። መጥታ እጄ ላይ አረፈች። በሙሉ ክብደቷ።

መጮኽ አልችልም፤ ከተማው ሁሉ እየሰማ ነው። እጄን መሳብ እችል ነበር። ግን ከእጄ ሥር ፔዳሉ ተጭኗል፣ ድምፁም… እንዴት ብዬ ልንገራችሁ። ስምንት ዓመት በሚክሰር ስፈልገው የነበረው ድምፅ ነው። ከንፈሬን ነክሼ እጄን እዚያው ተውኩት። እንባዬ ወረደ። ከምን እንደሆነ አትጠይቁኝ።

ቀዩ መብራት ሲጠፋ ወደ ታች አየ። “ውይ! ረገጥኩህ እንዴ?”

“ትንሽ።”

“እጅህን አታወጣም ታዲያ?”

“ያምር ነበራ!” አልኩት።

ከሰዓት በኋላ ሳሎናቸው ውስጥ፣ ጣቶቼ አብጠው፣ እህቴ በረዶ በፎጣ ጠቅልላ ይዛልኝ፣ የተቀዳውን ከፈትነው። ሶሎው ሲደርስ ከመቀመጫዬ ተነሣሁ። “ስሚ፣ ስሚ! አሁን… እዚህ ጋ! የረገጠኝ እዚህ ጋ ነው!” አልኳት፤ ሜዳሊያ የማሳይ ነበር የሚመስለው። ደግመን ከፈትነው። ሦስተኛ ጊዜ ሲሆን እህቴ በረዶውን አስቀምጣ አዳመጠች።

“ይሄ ደስ ይላል” አለች። “ማነው የተጫነው?”

እኔና ባሏ እኩል “እሱ!” አልን፤ እኔ ባበጠው ጣቴ እሱን፣ እሱ በአገጩ እኔን እያሳየ።