ሊቀ ጎማ ሆባርትና የሞተው ሬዲዮ

መኪና ክብ ሜዳ ላይ በሚሽቀዳደምበት አገር ሁሉ አንድ ጡረታ የወጣ የቡድን አለቃ አለ። አለቃ መኪና አይነዳም፤ ነድቶም አያውቅም። ነጂው መቼ እንደሚረግጥ፣ መቼ ጎማ ሊቀይር እንደሚገባ በሬዲዮ የሚነግረው ግን እሱ ነው። ሲያሸንፉ ፎቶ የሚነሳው ነጂው፣ ሲሸነፉ የሚሰደበው አለቃው። ታዲያ ጡረታ ሲወጣ ቤቱ አርፎ ይቀመጣል ካላችሁ አለቃ የሚባለውን ፍጥረት አታውቁትም። ወንበሩን ከሜዳው ወደ ተመልካቹ አግዳሚ ያዛውራል እንጂ ሥራውን አይተውም።

የእኛው፣ በሰሜን ካሮላይና ቀይ አፈር ላይ የበቀሉት፣ ክቡር አለቃ ሆባርት ላንስፎርድ ናቸው። እኔ በልቤ ሊቀ ጎማ እላቸዋለሁ፤ በአፌ ብዬው አላውቅም። ቅዳሜ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ከመጨረሻው መታጠፊያ ፊት ለፊት ይሰየማሉ። ጆሯቸው ላይ ማዳመጫ፣ አፋቸው ፊት ማይክ፣ ቀበቷቸው ላይ በጥቁር ናስትሮ የተጠቀለለ ሬዲዮ። የሬዲዮው ባትሪ ካለቀ ዘመን አልፎታል። እሳቸውም ያውቃሉ፣ እኔም አውቃለሁ፤ አንስተነው ግን አናውቅም።

"ሰባት ቁጥር፣ አፍንጫዋን ወደ ታች አውርዳት። መሪውን እንደ ሙሽራ አትቀፈው፣ ላላ አድርገው።"

የሰባት ቁጥር መኪና ነጂ አይሰማም። ሆባርት የሚባል ሰው መፈጠሩንም አያውቅ ይሆናል። እሳቸው ግን መልስ እንደሚጠብቅ ሰው ትንሽ ዝም ይላሉ፤ ከዚያ ወደ እኔ ዞረው "አይሰማም፣ ይሄ" ይላሉ። ያቺ ትንሽ ዝምታ ናት እኔን የምትበላኝ።

አንድ አባባል አላቸው። "ጎማ አይዋሽም፤ ነጂ ነው የሚዋሽ።" ያለቀ ጎማ በመዳፋቸው ዳሰስ አድርገው ነጂው የቱ ጋ ፈርቶ ፍሬን እንደያዘ ይነግሩታል። አንድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ሲወጡ የፓስተሩን መኪና ጎማ ጎንበስ ብለው ዳሰሱና "ፓስተር፣ ቀኝ ሲዞሩ ይቸኩላሉ" አሉ፣ ምዕመኑ ሁሉ እየሰማ። የሚስታቸው ወንድም የተቀበረ ቀን ደግሞ አስከሬን የጫነውን መኪና አስቁመው "ግራው ጎማ ነፋስ ጎድሎታል፣ ሟቹ እንዲህ ሆኖ አይሄድም" ብለው ለቀስተኛውን ሁሉ መንገድ ላይ አቆሙት። ጎማው ተነፋ። መበለቷ እንኳ እያለቀሰች አመሰገነቻቸው።

ከልጣጩ ጋር ያለ ኦቾሎኒ ደግሞ በሜዳችን እንደ መርገም ነው፤ እሱ የተበላበት ቀን መኪና ይሰበራል ይባላል። አንድ ቀን ከኋላችን አንዲት ሴት ከረጢት ፈታች። ሊቀ ጎማ ሳይዞሩ ሸተታቸው።

"እመቤቴ፣ እባክዎ ሰው አይግደሉብን።"

"አባባ፣ የሚከለከለው እኮ እታች፣ መኪኖቹ ዘንድ ነው። ይሄ አግዳሚ ነው።"

"ኦቾሎኒ ድንበር አያውቅም።"

አፏን ሳትዘጋ ሁለት መኪና ተጋጨ። ሴትዮዋ ከረጢቷን አስራ ሌላ ቦታ ሄደች። እሳቸው ባርኔጣቸውን ብቻ አስተካከሉ።

ይሄ ሁሉ ያስቃል። የማያስቀው የዶይል ነገር ነው።

ዶይል ፕሪቬት ነጂያቸው ነበር፣ እኔ ጎሚስታቸው። ብዙ ዘመን አብረን ሠርተናል። "ዶይል፣ አሁን" ይላሉ፤ "እሺ አለቃ" ይመጣል። በቃ፣ ሌላ ወሬ አልነበረም። አንድ ትልቅ ውድድር ላይ ዶይል እየመራ ጥቂት ዙር ሲቀረው ቢጫ ባንዲራ ወጣ። ቢጫ ሲወጣ ሁሉም በዝግታ ይሄዳል፤ የፈለገ ገብቶ ጎማ ይቀይራል፣ ያልፈለገ ቦታውን ይዞ ይቀጥላል። አለቃ "ግባ" አሉት። ገባ። ከእሱ በቀር ማንም አልገባም። ጎማው አዲስ፣ ቦታው መጨረሻ፤ የቀረው ዙርም አልበቃ አለ። ዶይል ከመኪናው ወረደ፣ የራስ ቁሩን ኮፈኑ ላይ አስቀመጠና ሄደ። በዓመቱ ለሌላ ቡድን ነዳ። ከዚያ ወዲህ አልተነጋገሩም።

"ዛሬ ቢሆን 'ቀጥል' ነበር የምለው" ይሉኛል አለቃ። ስንቴ እንዳሉኝ። "'ቀጥል' ማለት ምን ያቅታል፣ ኢራ?"

ባለፈው ሐምሌ የድሮ ነጂዎች ለጨዋታ ያህል የሚወዳደሩበት ቀን ነበር። ዶይል መጣ። ፀጉሩ ነጭ፣ ሆዱ መሪውን ሊነካ። አለቃ ከላይ አዩት።

"ይውረዱና ሰላም ይበሉት እንጂ" አልኩ።

"እሱ ደረጃ መውጣት አቃተው?"

"ሆዱን እያዩት።"

"ሆዱን ያሳደገው በሌላ ቡድን ነው።"

እንዲህ ይበሉ እንጂ እጃቸው ሬዲዮውን አልለቀቀም። ገመዱ ላልቷል፣ ላሠራልዎ ብዬ ተቀበልኳቸውና ወረድኩ። ደረጃው ላይ የምናገረውን አጥንቼ ነበር፤ ዶይል ፊት ስቆም ጠፋኝ። ሬዲዮውን ብቻ ዘረጋሁለት።

አገላብጦ አየው። "ይሄን ናስትሮ የጠቀለልኩት እኔ ነኝ" አለ። "አንተ አሁንም አትናገርም፣ ኢራ?"

"እ..." አልኩ።

ከመሣሪያ ሣጥኑ ባትሪ አውጥቶ ከተተበት፣ ከራሱ ሬዲዮ ጋር አገናኝቶም መልሶ ሰጠኝ። ወጥቼ፣ ስለ ባትሪው ሳልነግር፣ የአለቃ ቀበቶ ላይ መልሼ ሰካሁት።

ውድድሩ ተጀመረ። አለቃ እንደ ልማዳቸው ጀመሩ። "ዶይል፣ ጭራዋ እያመለጠች ነው፣ ቀስ ብለህ ርገጥ።" ዝም አሉ፣ እንደ ልማዳቸው።

"እሺ አለቃ።"

ድምፁ የዶይል ነበር፤ ከማዳመጫው አልፎ እኔም ሰማሁት። አለቃ ሆባርት ማዳመጫውን በሁለት እጃቸው ያዙት። ከዚያ እንደ ድሮው፣ አጭር አጭር እያሉ፣ ሽማግሌውን ነጂ ከሌሎቹ አንድ በአንድ አሳልፈው ፊት አወጡት። ጥቂት ዙር ሲቀር የአንዱ ሞተር ጨሰና ቢጫ ወጣ።

"አለቃ፣ ልግባ ወይስ ልቀጥል?"

የሚሉትንማ ያውቁታል፣ አልኩ በልቤ። ስንት ቅዳሜ ያጠኑት ነው። ሊቀ ጎማ ዓይናቸውን ጨፈኑ።

"ግባ" አሉ። "ጎማ አይዋሽም።"

"እሺ አለቃ።"

ወደ እኔ ዞሩ። "አንተ ምን ትጠብቃለህ? ጎሚስታ አይደለህ?"

ሮጥኩ። ጉልበቴ እየተንቋቋ ደረጃውን ወረድኩ። ስደርስ ለካ ጎማ የለም፤ ለጨዋታ ውድድር ማን መለዋወጫ ያመጣል? ዶይል ሞተሩን እያስጓራ ያየኛል፣ እኔ አየዋለሁ። ምን ላድርግ፣ ባርኔጣዬን አውልቄ መስታወቱን ወለወልኩለትና ጣሪያውን መታ መታ አደረግኩ። ወጣ፣ ከሁሉም ኋላ።

እያለከለክሁ ተመልሼ አጠገባቸው ስቀመጥ የዶይል ድምፅ መጣ። "አለቃ፣ አሁን ያዘችልኝ። እንደ ሙጫ።"

አለቃ አላዩኝም፤ ሜዳውን ነው የሚያዩት።

"መስታወት ሲወለወል አይቻለሁ" አሉ ቀስ ብለው። "ነጂ ነው የሚዋሽ።"

ጣታቸውን ከማይኩ ማስተላለፊያ ቁልፍ ላይ አላነሱም ነበር።

"እሺ አለቃ" አለ ሬዲዮው።