የጋሼ ሙሐሲን ዋጋ

አንድ ቦታ ከተማ ለመባል ሦስት ነገር ያስፈልገዋል፤ መብራት፣ ውሃ እና «ስንት ገዛሽው?» የሚል ሰው። መካነ ሰላም ላይ መብራቱ ይሄዳል ይመጣል፤ ውሃውም እንደዚያው። ሦስተኛው ግን አንድ ቀን እንኳ ተቋርጦ አያውቅም። እሳቸውም ክቡር ጋሼ ሙሐሲን ናቸው፤ የሠላሳ ዓመት የሒሳብ ሠራተኛ፣ ዛሬ ጡረተኛ፣ የሰው ዘንቢል ግን ዛሬም በሥልጣናቸው ሥር ነው። «እኛ ሰፈር እንዲህ ያለ ሰው የለም» የሚል አንባቢ ካለ፣ ምናልባት ሰውየው ራሱ ሊሆን ይችላልና ይጠንቀቅ።

ጋሼ ሙሐሲን ሰላምታ አያበዙም። «ሰላም አለይኩም» ካሉ በኋላ ዓይናቸው ወደ ዘንቢሉ ይወርዳል። «ስንት ገዛሽው?» መልሱ ምንም ይሁን ምን ፍርዱ አንድ ነው፦ «ታርደሻል!» ለወንድ «ታርደሃል!»፣ ዕድሜው ለገፋ «ታርደዋል!»፤ አክብሮታቸውን አያጓድሉም። ነጠላ ጫማ የገዛም ታርዷል፣ ሳሙና የገዛም ታርዷል። አንድ ጊዜ ለቅሶ ቤት ገብተው ከሐዘንተኛው ጎን ተቀመጡ፤ «አላህ ያጽናህ» አሉ፤ ትንሽ ቆይተው ጎንበስ ብለው «የሟቹን ከፈን ጨርቅ ስንት ገዛችሁት?» አሉት። ሐዘንተኛው እያለቀሰ ነገራቸው። ምን ብለው እንደመለሱለት መንገር አያስፈልግም።

የሙያ ምክርም ይሰጣሉ። ዩኒቨርሲቲ የደረሳት የጎረቤት ልጅ ፈርሂያ «ጋሼ፣ አካውንቲንግ ብማር ያዋጣኛል? ሥራስ ይገኛል?» ብላ መጣች። ጋሼ ሙሐሲን መነጽራቸውን አወለቁ፣ ጠረጉ፣ መልሰው አደረጉ።

«ቦርሳሽን ስንት ገዛሽው?»

«ስምንት መቶ ብር።»

«ታርደሻል! ቦርሳ ስትገዢ የታረድሽ ልጅ፣ የሰው ካዝና ማን ያስረክብሻል?»

ከዚያም የሒሳብ ሠራተኛን ሰው ሁሉ ለምን እንደሚፈራው፣ አንድ ብር የጎደለች ዕለት እንዴት ምሳ እንደማይበላ ሲያስረዷት ዋሉ። ልጅቷ አመስግና ወጣችና አዋላጅ ነርስነት መረጠች። ይህን ሲነግሯቸው ጋሼ ሙሐሲን «እሰይ፣ ሒሳብ ገብቷታል ማለት ነው» አሉ።

ይህን ሁሉ ከማንም በላይ የምታውቀው ባለቤታቸው እቴቴ ሀዲያ ናት። ሌላው ሰው በመንገድ ሲያልፍ ቢታረድ፣ እሷ ሠላሳ አንድ ዓመት እቤቷ ድረስ ታርዳለች።

ነገሩ የከፋው ከአምስት ዓመት በፊት ነው። ያን ጊዜ ጋሼ ሙሐሲን በአንድ ሊትር ዘይት ዋጋ ከባለሱቁ ከአስናቀው ጋር ከዙሁር እስከ ዐስር ሶላት ተከራከሩና ተሸነፉ። እቤት ሲገቡ ፊታቸው ጠቁሮ ነበር። «ዋጋው አደብ እስኪገዛ ድረስ እግሬ ገበያ አይረግጥም፤ ወላሂ!» ብለው ማሉ። ከዚያ ወዲያ ከበራቸው ላይ በርጩማ አስወጥተው፣ ከገበያ የሚመለሰውን ሰው እዚያው መጠየቅ ጀመሩ።

ውሸቱን የጀመረችው ሀዲያ ራሷ ናት። አንድ ቀን ደክሟት፣ ፀሐይ መትቷት፣ ሽንኩርት ተሸክማ ገባች። «ስንት ገዛሽው?» ሲሏት አርባ ማለት ሞቷ ሆነና «ሃያ» አለች። ጋሼ ሙሐሲን መነጽራቸውን ከፍ አደረጉ። «ሃያ?» «ሃያ።» «ታርደሻል» አሉ፤ ግን ላላ አድርገው ነው ያሉት። ያን ምሽት እራታቸውን እየሳቁ በሉ፤ ሀዲያም ለመጀመሪያ ጊዜ በሰላም ጎረሰች።

ሳምንት ሳይሞላ ዘዴው ሰፈሩን አዳረሰ። ሰው ሁሉ ከገበያ ሲመለስ ጋሼ ሙሐሲን በር ላይ ሳይደርስ ቆም ብሎ ዋጋውን ያወርዳል። የተቸገሩት ጎረቤታቸው መሪጌታ ገብረ ኢየሱስ ብቻ ነበሩ፤ እንዳይዋሹ መምህር ናቸው፣ እውነቱን እንዳይናገሩ ጋሼ ሙሐሲን ናቸው። በመጨረሻ መላ አገኙ። «እኔ የምነግራቸው የግማሹን ዋጋ ነው» አሉ ለሀዲያ፤ «ስለ ሌላው ግማሽ ጠይቀውኝ አያውቁም።»

ጋሼ ሙሐሲን ታዲያ ይህን ሁሉ ርካሽ ሲሰሙ ምን አሉ? «አየሽ አይደል? እኔ ከገበያ ስቀር ዋጋው አደብ ገዛ!» ሀዲያ «እንግዲያው ያልከው ደርሷል፤ ውጣና ገበያውን እይ» ብትላቸው በድንጋጤ እጃቸውን አወናጨፉ። «አይሆንም! ብመለስ መልሶ ይንራል። ሕዝብ ይጎዳል።»

እንዲህ ሆኖ አምስት ዓመት አለፈ። በጋሼ ሙሐሲን ደብተር ውስጥ ሽንኩርት ሃያ አምስት ብር ነው፣ ስኳር አርባ ብር ነው፤ እዚያ ደብተር ውስጥ መኖር የማይመኝ ሰው የለም። የቤቱ ወጪ በወር አራት ሺህ፣ ጡረታቸውም አራት ሺህ። እኩል ለእኩል! በየወሩ ከሥሩ ሁለት መስመር አስምረው ደብተሩን ሲዘጉ የሚያዩት ደስታ ለብቻው ነው።

የእውነቱ ወጪ ዘጠኝ ሺህ ነበር። አምስት ሺዋን የምትሞላው ጅዳ ሰው ቤት የምትሠራው ልጃቸው ሱሀይላ ናት። በየወሩ አሥር ሺህ ትልክና ለእናቷ «ግማሹ ለቤት፣ ግማሹ ለኔ ይቀመጥ» ትላለች። አባትየው ግን «የልጄን ላብ አንዲት ሳንቲም አልነካም» ብለው ስለማሉ፣ አሥር ሺሁ ሙሉውን እንደተቀመጠ ነው የሚያውቁት። ለክብሪት ደረሰኝ የሚጠይቁ ሰው የባንክ ደብተሩን አንድ ቀን አምጪው ብለው አያውቁም፤ ማየቱ ራሱ መንካት ይመስላቸዋል። አራት ዓመት ደምረው አራት መቶ ሰማንያ ሺህ ጽፈዋል። ባንክ ያለው ሁለት መቶ አርባ ሺህ ነው።

እሑድ ዕለት ሱሀይላ ደወለች። አሠሪዋ ለሌላ ሁለት ዓመት እንድትፈርም እስከ ጁምዓ ማታ ቀን ሰጥታታለች።

«አባ፣ ወገቤ እንደ ድሮው አይደለም» አለች። «ልፈርም ወይስ ልምጣ? ብመጣና ትንሽ የልብስ ሱቅ ብከፍት፣ ያለው ይበቃል?»

«ቁጥር በስልክ አይወራም፣ ሌባ ይሰማል» አሉ ጋሼ ሙሐሲን። «ሒሳቡን ሠርቼ ጁምዓ ከሶላት በኋላ እነግርሻለሁ። እኔ ያልኩትን ታደርጊያለሽ።»

ሦስት ቀን ሠሩት። ሐሙስ ጧት እርሳሳቸውን ከጆሯቸው አውርደው «ይበቃል! ይተርፋልም! ነይ እላታለሁ» ብለው ለሀዲያ አበሰሯት።

ሀዲያ ልቧ ለሁለት ተከፈለ። ዝም ብትል ልጇ ትመጣለች፤ አራት ዓመት ያላቀፈቻትን ልጇን ታቅፋለች። ብትናገር ልጅቷ ትፈርማለች። ግን መጥታስ? በዚያ ደብተር ተማምና መጥታ፣ ሦስት ወር ሳይሞላ ገንዘቧ በሽንኩርትና በዘይት ሲያልቅ ማን ፊት ትቆማለች? ያ ረቢ፣ አለች ሀዲያ፣ ከኔ አፍ አይውጣ፤ ገበያው ራሱ ይንገረው።

«የሱሀይላ አባት፣ ልጅቷን ነይ ከማለትህ በፊት ዛሬ ገበያውን በዓይንህ እየው።»

ጋሼ ሙሐሲን ትንሽ አሰቡ። ለልጃቸው ሲሉ መሐላቸው መፈጸሙን ተቀበሉና ከዘራቸውን አነሱ።

ከአምስት ዓመት በኋላ ገበያ ሲገቡ ገበያተኛው ሁሉ ዞሮ አያቸው። ከወግዲ የመጣች አንዲት ሴት ሽንኩርት ዘርግታለች።

«ሽንኩርት ስንት ነው?»

ሴትዮዋ ሰውየውን አየች፣ ሀዲያን አየች። ሀዲያ እውነቱን ንገሪው ስትል በዓይኗ ጠቀሰቻት። ሴትዮዋ ግን የሰማችው ወሬ ነበርና ጥቅሻውን በሌላ ተረዳችው። «ሃያ አምስት» አለች።

«ታርደናል! ሃያ ሁለት አድርጊው።»

«እሺ፣ ለርስዎ ሃያ ሁለት።»

ከኋላ ያሉት ሴቶች «ለኔም በሃያ ሁለት! ለኔም!» እያሉ ተጋፉ። ሻጯ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «ዞር በሉ! ይሄ የጋሼ ሙሐሲን ዋጋ ነው፤ የናንተ መቶ ነው» አለቻቸው። መሪጌታ ገብረ ኢየሱስ ከየት እንደመጡ ሳይታወቅ ባዶ ከረጢት ይዘው ደረሱና «ጋሼ ሙሐሲን፣ በእጅዎ ለኔም አምስት ኪሎ ያስመዝኑልኝ» አሉ። አስናቀው ደግሞ ስኳሩን በአርባ ብር መዝኖ ሲያቀብል ዓይኑ እንባ አቅርሮ ነበር። «ጋሼ፣ ከርስዎ ወዲህ የሚከራከረኝ ሰው የለም። ሰው ዝም ብሎ ከፍሎ ይሄዳል፤ ይሰለቻል እኮ!» ሀዲያ በኋላ ተመልሳ ልዩነቱን ልትከፍል ብትል አንዱም እጁን አልዘረጋም።

ጁምዓ ረፋዱ ላይ ጋሼ ሙሐሲን ነጭ ጀለቢያቸውን ለብሰው ወደ መስጂድ ሊወጡ ሲሉ ሀዲያ በሩ ላይ ቆመች።

«ቁጭ በል።»

«ሶላት ይረፍድብኛል።»

«ቁጭ በል አልኩህ። ሽንኩርት ሃያ ሁለት አይደለም።»

«ሃያ አምስት ነበር፤ ተከራክሬ ነው።»

«መቶ ነው። ስኳሩም አርባ አይደለም። ሁላችንም ስንዋሽህ ነው የኖርነው።»

ጋሼ ሙሐሲን ቀስ ብለው ተቀመጡ። «ሁላችሁም?»

«ሁላችንም።»

«መሪጌታም?»

«እሳቸው ግማሹን ነው የሚነግሩህ።»

«የከፈኑስ?»

«የከፈኑ እውነት ነበር።»

ደብተራቸውን አወጡ፤ አዲስ ገጽ ገለጡ። «ሽንኩርት ስንት?» «መቶ።» ጻፉ። «ዘይት?» ነገረቻቸው፤ ጻፉ። በእያንዳንዱ ዋጋ ሀዲያ «ታርደሻል» እስኪሏት ትጠብቃለች፤ ጋሼ ሙሐሲን ግን ዝም ብለው ይጽፋሉ። ዘጠኝ ሺህ መጣ። ባንክ ያለውንም ነገረቻቸው። ከዚያ በኋላ ሀዲያ መቋቋም አቃታት።

«ዝም ብል ልጄ ትመጣልኝ ነበር!» ብላ አለቀሰች። «በገዛ አፌ አስቀረኋት!»

ጋሼ ሙሐሲን ደብተራቸውን በብብታቸው ይዘው ወጡ። ሶላቱ አለቀ፣ ሰው ሁሉ ወደ ቤቱ ገባ፣ እሳቸው የሉም። ሀዲያ ተቀይመውኝ ነው ብላ ስትብሰለሰል ቆየች። የዐስር ሶላት ሲደርስ ጫማቸው አቧራ ለብሶ ገቡ።

«አስናቀውና አምስት ነጋዴዎች ሒሳብ የሚይዝላቸው ሰው ይፈልጉ ነበር» አሉ። «ግብር ሲመጣ ወረቀታቸውን የሚያዘጋጅላቸው የለም። በየሱቁ በወር ስምንት መቶ።»

ሀዲያ እንባዋን ጠረገች። «አራት ሺህ ስምንት መቶ። ከአምስት ሺው ሁለት መቶ ይጎድላል።»

«ሁለት መቶዋን ከስኳሬ ቀንሺ።»

ከዚያ ስልኩን አነሱ። ሱሀይላ በመጀመሪያው ጥሪ ነው ያነሳችው።

«ነይ» አሏት።

«አባ፣ በእውነት ይበቃል?»

«ጠባብ ሱቅ ነው የሚሆንሽ። ግን ይበቃል። አብሽሪ፣ ነይ።»

ከዚያ ቀን ወዲያ ጋሼ ሙሐሲን ዋጋ መጠየቅ ተዉ። በርጩማው ወደ ቤት ገባ። ሰፈሩ መጀመሪያ ተገላገልን አለ፤ በሦስተኛው ቀን ግን ጨነቀው። አስናቀው ሀዲያን መንገድ ላይ አስቁሞ «እቴቴ ሀዲያ፣ ሰውየው ታመዋል እንዴ? ሻይ ጠጥተው የተጠየቁትን ከፍለው ወጡ!» አላት። መሪጌታ አዲስ ጥላ ገዝተው በፊታቸው ሦስት ጊዜ ተመላለሱ። ጋሼ ሙሐሲን «ጥሩ ጥላ ነው» ብቻ አሉ። መሪጌታ ከፋቸው። ሀዲያም ያን ሠላሳ አንድ ዓመት የጠላችውን ቃል እንዲህ እናፍቀዋለሁ ብላ አስባ አታውቅም ነበር። ዘንቢሏን ሆነ ብላ እፊታቸው ታስቀምጣለች፤ እሳቸው ደብተራቸውን ያያሉ።

ሱሀይላ የመጣች ዕለት ሰፈሩ ግልብጥ ብሎ መናኸሪያ ወጣ። ሚኒባሱ አቧራውን እያስነሳ ገባ። ልጅቷ ወረደች፣ ከስታለች፣ እናቷ አንገቷ ላይ ተጠመጠመች። ጋሼ ሙሐሲን ግንባሯን ሳሙ፣ ትልቁን ሻንጣ ከረዳቱ ተቀበሉና ፊት ፊት መሄድ ጀመሩ። አሥር እርምጃ ያህል ሄዱ። ቆሙ። ሻንጣውን አስቀመጡ። ዞረው መንኮራኩሩን አዩ፣ እጀታውን ሳብ መለስ አደረጉ።

«ስንት ገዛሽው?»

ሱሀይላ እናቷን አየች።

«እውነቱን ንገሪው» አለች ሀዲያ፤ በዚህ ጊዜ አልጠቀሰችም።

«ሦስት መቶ ሪያል።»

ጋሼ ሙሐሲን ዓይናቸውን ጨፍነው ወደ ብር መነዘሩት። ከንፈራቸው ተንቀሳቀሰ። አስናቀው ትንፋሹን ያዘ።

«ታርደሻል!»

«አልሐምዱሊላህ!» አለች ሀዲያ፤ ልጇ ስትወርድ ያላለቀሰችውን ያህል ያኔ አለቀሰች። ከሰዉ መሐል ደግሞ መሪጌታ ገብረ ኢየሱስ ጥላቸውን ከፍ አድርገው እየተጋፉ መጡ።

«ጋሼ ሙሐሲን! ይቺንስ አይጠይቁኝም? ዛሬ የሙሉዋን ነው የምነግርዎት!»