የባቡር ጣቢያው ሐዘንተኛ

ለተዘጋ ነገር ሁሉ ሙሾ የሚያወርድ ሰው ገጥሟችሁ ያውቃል? እኔን ባቡር አልፎበት በማያውቅ አገር፣ ሮቤ ላይ ገጠመኝ። ወደ ደሎ መና በሚሄደው አውቶቡስ አጠገቤ የተቀመጠ መምህር የትውልድ መንደሩን ባቡር ጣቢያ ታሪክ ጀመረልን፤ ደወሉን፣ ሙዝ ሻጮቹን፣ ዛሬ ፍየል የሚያድርበትን የመንገደኛ ማረፊያ። ጎባ ስንደርስ አውቶቡሱ ለቅሶ ቤት መስሏል። ባቡር በዓይናቸው አይተው የማያውቁት ሽማግሌ፣ ኦቦ ቃሲም እንኳ ከንፈራቸውን መጠጡ።

«ለመሆኑ ልጄ፣ ምን ሆኖ ተዘጋ?»

«ተሳፋሪ ጠፋ፣ አባቴ! ሰዉ ሁሉ ወደ አውቶቡስ ዞረ።»

«አንተስ በምን ትሄድ ነበር?»

መምህሩ ወደ መስኮቱ ዞር አለ። «እኔማ... ባቡሩ በጣም ይዘገይ ነበር።»

ኦቦ ቃሲም ብድግ አሉ። «ያ ረቢ! ሾፌር፣ ቶሎ ንዳው! ይኼ ሰው አውቶቡሱንም ከወደደልን መዘጋቱ ነው።»