የባዶ ሰዓት ፕሮግራም

ሽሽሽሽ... ጓ! ከግድግዳው ማዶ የምንጣፍ መጥረጊያው ማሽን ያጓራል፤ መለስ ሲል ደግሞ የሶፋውን እግር ይገጫል። ለማያውቅ ሰው ተራ የጽዳት ድምፅ ነው። ለምናውቀው ግን ታሪክ እየተሠራ ነበር፦ ስሎተርቫርት በሚባለው ሰፈር፣ ሦስተኛ ፎቅ ላይ፣ እህት ዓለምወርቅ ለማረፍ እየተዘጋጀች ነው።

ነገሩ የተጀመረው እንዲህ ነው። ዓለምወርቅ አረጋውያንን በየቤታቸው የምትንከባከብ፣ በብስክሌት ስትሮጥ የምትውል ሴት ናት። በቀደም አንዲትን አሮጊት ካልሲ እያለበሰች ሳለ እዚያው አልጋው ጫፍ ላይ እንቅልፍ ይዟት ሄደ። ብርድ ልብስ የደረበችላት አሮጊቷ ናት። የቤተሰብ ሐኪሟ፣ እዚህ ሃውስአርትስ የሚሉት፣ ነገሩን ሰምቶ፣ «ቀንሽን ላላ አድርጊው። ዛሬ ያልሆነ ነገ ይሁን። ደግሞ አንዲት ሰዓት ባዶ ተዪ። እንዲህ ከቀጠልሽ ሥራው ይቅርና ከአልጋሽም አትነሺ» አላት።

እሷም የፈለገችው ይህንኑ ነበር። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ፣ አንዲት ሰዓት፣ ምንም።

«ምንም ስትዪ ምን ማለትሽ ነው?» አላት ባለቤቷ ወንድይራድ።

«ምንም ነዋ!»

«እሺ፣ ማን ይመራዋል?»

ወንድይራድ ዴን ሃግ ከተማ ቢሮ የሚሠራ፣ ስለ ተለዋዋጭ የጊዜ አጠቃቀም ሮተርዳም ድረስ ሄዶ ሠልጥኖ የመጣ ሰው ነው። ለሚስቱ ሲል የማይሆነው የለም። ባዶ ሰዓት ያለ መሪ ከተተወ ዝም ብሎ ሊባክን እንደሚችል የተገነዘበው እሱ ብቻ ነበር። ስለዚህ ተለዋዋጩን መርሐ ግብር ማንም እንዳይለውጠው አድርጎ ቀረጸው፤ ባዶው ሰዓት በጸሎት ተከፍቶ፣ የዕረፍት ጠቀሜታ በሰፊው ተብራርቶ፣ በማስታወቂያ እንዲዘጋም አቅጣጫ አስቀመጠ። ዕረፍት የሚባል ንዑስ ክፍልም ነበረው። በጊዜ እጥረት ተሰረዘ።

«ፓፓ፣ ዱ ኖርማል! እንደ ሰው ሁን እንጂ!» አለችው ልጁ ዮሃና። «ማማ መተኛት ነው የፈለገችው።»

«መተኛት በግብዓትነት ተይዟል።»

መልካም ወሬ ደግሞ እግር አለው፤ ቤተ ክርስቲያን ደረሰ። ሽማግሌው ጋሽ እስጢፋኖስ፣ «ብቻውን የበላ ብቻውን ይሞታል» አሉ፤ «ብቻውን የሚያርፍማ ምን ሊሆን ነው?» ጉባኤው ሁሉ ተንገበገበ። በእውነት ያልደከመው ማን አለ? ዛንዳም ከተማ መጋዘን የሚሠሩት ሳይቀሩ ለዓለምወርቅ ባዶ ሰዓት ከነልጆቻቸው ይመዘገቡ ጀመር። ድር ቢያብር አንበሳ ያስራል፤ አንዲት የደከመች ሴትማ እንዴት ያቅተዋል!

እንግዳ ከመጣ ቤት ይጠረጋል። ቤት ከተጠረገ ሻይ ይፈላል። ሻይ ካለ ደግሞ ያለ ሳምቡሳ ነውር ነው። ዓለምወርቅ ሳምቡሳ የምትጠቀልልበት ጊዜ ስላጣች የዓርብ ፈረቃዋን ወደ ሌሊት ለወጠች፤ መርሐ ግብሩ ተለዋዋጭ የተባለው ለካ ለዚህ ነው። የጎን ክፍላቸውን የተከራየሁት እኔም፣ ጣሪያ እያየሁ በመዋል የካበተ ልምድ ስላለኝ፣ በታዛቢነት ተጋበዝኩ።

ያን ቅዳሜ ማሽኑ ዝም ሲል ሳሎኑ ሞልቶ ነበር። ጋሽ እስጢፋኖስ ሶፋው መሐል ተደላድለዋል።

«አንተ ጋሽ እስጢፋኖስ፣ የማማ ቦታ ላይ ነህ እኮ» አለቻቸው ዮሃና።

«እርስዎ በያቸው አንቺ!» ጮኸች ዓለምወርቅ ከኩሽና፣ በዘይቱ ጩኸት ላይ።

«ተያት ልጄ፣ እኔ እንኳ ተለዋዋጭ ሰው ነኝ» አሉ ጋሽ እስጢፋኖስ፣ ንቅንቅ ሳይሉ። ቀጥለውም ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «የተከበራችሁ ወገኖች፣ ዕረፍት በትጋት ካልተሠራበት ፍሬ የለውም። እስቲ እህታችን ትመስክርልን። ባዶው ሰዓት ምን አደረገልሽ?»

ዓለምወርቅ የሻይ ትሪውን ይዛ በሩ ላይ ቆመች። ዓይኗ ቀልቷል።

«ጋሼ፣ እኔ እስካሁን አልተቀመጥኩም።»

«ትሕትናዋን እዩልኝ!»

ተጨበጨበ። ወንድይራድ በኩራት እንባው መጣ። ያንኑ ሙቀት ሳያስበርድ ብድግ አለና፣ «ከተገኘው አመርቂ ውጤት በመነሳት፣ እሑድ ከአምልኮ በኋላ ሁለተኛ ባዶ ሰዓት እንዲጨመር፣ አስተባባሪዋም ዓለምወርቅ እንድትሆን የውሳኔ ሐሳብ አቀርባለሁ» አለ።

«እሷ ትጠየቅ እንጂ!» አለች ዮሃና።

«ድንገተኛ ደስታ ነው፤ ከተጠየቀች ምኑን ድንገተኛ ሆነ?»

እጆች ሁሉ ወጡ። አንድ ሕፃን እንኳ ሳምቡሳ እንደጨበጠ እጁን አወጣ፤ ተቆጠረለት።

«በሙሉ ድምፅ!» አሉ ጋሽ እስጢፋኖስ።

ወንድይራድ ተቀመጠ። ዓለምወርቅ መጥታ ትሪውን ከነብርጭቆዎቹ፣ አንዲት ጠብታ ሳታፈስ፣ ጭኑ ላይ አኖረችለት። ከማንጠልጠያው ካፖርቷን አወረደች። ሻርፗን አንገቷ ላይ ጠመጠመች።

«ዓለም? ወዴት ነው? ዓለምዬ፣ ገና ማስታወቂያ አለ እኮ!»

ወንድይራድ ሊነሳ ሞከረ፤ ብርጭቆዎቹ ተንጫጩ፤ ተመልሶ ተቀመጠ።

በሩን ከፈተች። የተኛ ሰው እንዳትቀሰቅስ የምትፈራ ይመስል ቀስ አድርጋ ከኋላዋ ዘጋችው።

 ሻይ የሚቀዳም፣ የሚመራም፣ የሚያብራራም አልተገኘ። ፕሮግራሙ ከተመሠረተ ጀምሮ ሰዓቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ባዶ ሆነ።